በአንኮበር ቡትቶ የለም

ያረጀ ልብስ የት እንደሚገባ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አገር ልብስ ሞቶ አያውቅም። የአባት በርኖስ ሲሳሳ ለልጅ ይጠባል፤ ልጁ ሲጨርሰው የአህያ ጭነት መደላድል ይሆናል፤ አህያዋም ስትጠግበው የበር ስንጥቅ ይወተፍበታል። በአንኮበር ብርድ ጨርቅ የሚጥል ሰው ብናገኝ ጸበል እንወስደው ነበር። ይህን ሁሉ የምናደርገው ግን በር ዘግተን ነው። ደጅ ስንወጣ የሁላችንም ነጠላ አዲስ ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ አቡጀዲ በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ በሚገኝበት ዘመን ነው። የወንድሜ ልጅ የሺ አዲስ አበባ ከፍተኛ ትምህርት ገብታለች። ወንድሜ ሐኪም ትሆናለች ብሎ ላገሩ ሁሉ ሲያወራ ከርሞ፣ እሷ የጨርቅና የልብስ ንድፍ መረጠች። «ሸማኔ ለመሆን ነው ይህን ሁሉ ፊደል የቆጠርሽው?» አላት። ይህን ሲል የለበሰው ጋቢ ከሰማይ የወረደለት ይመስል ነበር። አትፍረዱበት፤ ሁላችንም እንዲሁ ነን። ጥበቡን ለብሰን እንደምቃለን፣ የሠራውን ሰው ግን በጎን እናየዋለን። መንግሥት ባለሙያን መናቅ ነውር ነው እያለ በራዲዮ ቢለፈልፍም፣ ራዲዮኑ ሲዘጋ እኛም እንደነበርን ነን።

የሺ በመጨረሻው ክረምቷ መጣች። የመመረቂያ ሥራዋ አንድ ካፖርት ነው፤ አዲስ ጨርቅ ሳይገዛ፣ ቀለም ሳይነከር፣ ሰው ለብሶ ከተወው ብቻ የሚሰፋ።

«እትዬ፣ ትምህርቱ አዲስ ከመሥራት በፊት ያለውን ማሰንበት ነው» አለችኝ።

«ይህንንማ እኔም አስተምርሽ አልነበር?» አልኳት፤ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ሴት ነኛ።

«እንግዲያ ዲፕሎማውንም እርስዎ ይስጡኛ!»

ሳቅን እንጂ ነገሩ የሳቅ አልነበረም። ካፖርቱን ይዛ ካልተመለሰች ምረቃ የለም። አባቷ ደግሞ «ያኔ እዚሁ ትቀሪና እድርሻለሁ» ብሏል። ባልየውም ተመርጧል፤ የመዘዞ ሰው ነው፣ በጎቹ ከጥርሶቹ ይበዛሉ።

ታዲያ ይህቺ ልጅ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ «እናቶቼ፣ ቤታችሁ ያለውን ቡትቶ ስጡኝ» አለች።

ቡትቶ! እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ አድጋ! ከተማ እንዴት ያስረሳል! በእኛ ዘንድ ቡትቶ የጨርቅ ስም አይደለም፣ የሰው ስድብ ነው። ቡትቶ ይዛ የመጣች ቡትቷም ናት፤ አለቀ። ጎረቤቴ ጥሩወርቅ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ቡትቶ እንኳ የለንም፣ ልጄ» አለች።

በማግስቱ ግን ሴቶቹ መጡ። ምን ይዘው እንደመጡ ገምቱ። የፋሲካ ነጠላ፣ ገና ያልታጠበ ቀሚስ። ጥሩወርቅማ የሠርጓን ቀሚስ ይዛ መጣች። ለገበያ ከአልዩ አምባ የወጣችው ዘሃራ ነገሩን ሰምታ፣ «ወላሂ፣ ይኼን ገላ አልነካውም» ብላ አዲስ ሻሽ ከክምሩ ላይ ጣለች። እኔስ? እኔም ሰው ነኝ፤ ለመቀበሪያዬ ያስቀመጥኩትን ጋቢ አወጣሁ።

የሺ ክምሩን አይታ እንባዋ መጣ። «እትዬ፣ ይህን ብቀድ አስተማሪዎቼ ይጥሉኛል፤ ባልቀድ አባቴ ይድረኛል።» ሁሉንም እየዞረች መለሰች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጥሩወርቅ የልጅቷን ሹራብ ክርን አፈፍ አደረገችው። ተቀዶ፣ የሺ በገዛ እጇ ጥፋው ነበር።

«ምንድን ነው ይኼ? ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የሰፋሽው?»

«እራፊ ነው፣ እማማ ጥሩዬ። የለመድኩት በስፌት መኪና ነው፤ በእጅ አልሆነልኝም።»

«እራፊማ እንዲህ አይጣፍም! ነይ ቤት!»

ጎትታ ወሰደቻትና ከአልጋ ሥር አንድ የሱፍ ባና አወጣች፤ እራፊ በእራፊ ላይ፣ ስፌቱ እንደ ጤፍ የደቀቀ። ወሬው አጥር ዘለለ። «ጥሩወርቅ ደግሞ መቼ ጥፋ ታውቃለች?» ያለች ሁሉ የራሷን ይዛ መጣች። ሳይመሽ የወንድሜ ግቢ በአሮጌ ልብስ ተጥለቀለቀ። ቡትቶ የሌለበት አገር እራፊ ሞልቶት ኖሯል! አንዷ የሌላዋን ስፌት በጥፍሯ እየፈተሸች ስትተች፣ የሺ እያቀፈች ትሰበስባለች።

ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ «ሆን ብለሽ ነው አይደል?» አልኳት።

«አይ እትዬ፣ ስፌቴ እውነትም እንደዚያ ነው።»

ያን ጊዜ ቤቴ ገብቼ የባሌን በርኖስ አወጣሁ። እሱ ካረፈ ጀምሮ የምለብሰው ስተኛ ነው፤ ሰው አላየውም። ዕድሜ ልካችንን ስጥፈው ኖሬ መጀመሪያ የተሠራበት ጥቁር ሱፍ የቱ እንደሆነ እኔም አላውቀውም። ሰጠኋት። ምን ብዬ እንደሰጠኋት አልነግራችሁም።

የሺ ተመረቀች። የመዘዞው ሰውዬ ሌላ አገባ፤ በጎቹም ደኅና ናቸው አሉ። በጥር ካፖርቱን ለብሳ አንኮበር ስትገባ ወንድሜ ከጎኗ ቀስ እያለ ይራመዳል፤ ሰው አይቶ እስኪጠግብ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ሴቶቹን ባያችሁ! ያቺ በስብሰባ ላይ «የለንም» ያለች ሁሉ ልጅቷን መንገድ ላይ አስቁማ፣ «ይህቺ እጅጌ የኔ ናት!»፣ «ኪሱን እዩልኝ፣ የኔ እኮ ነው!» ትላለች። ጥሩወርቅማ ለማያውቃት መንገደኛ ሳይቀር አንገትጌውን ታሳይ ነበር።

እኔ አፌን ይዤ ቆምኩ። ጉራ አልወድም። ደግሞስ የባሌ በርኖስ ጀርባዋን ከትከሻ እስከ ወገብ ይዞት ሲሄድ፣ መናገር ምን ያስፈልጋል?