ልጅቷ ወደ ቤቷ እንድትመለስ ስለ መወሰኑ

የአሳታሚ ድርጅቱ የልብወለድ መርማሪ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ። ስብሰባው የተጠራው ለሰኞ ነበር። ሰኞ ዕለት እያንዳንዱ አባል ሌሎቹ ይገኛሉ ብሎ ቀርቷል።

ሰዓት፦ 8፡00 ተብሎ 8፡40

ቦታ፦ ሁለተኛ ፎቅ፣ ያልተሸጡ መጻሕፍት የሚከማቹበት ክፍል። አዳራሹ በሌላ ስብሰባ በመያዙ አባላት በመጻሕፍት እሽግ ላይ ተቀምጠዋል። ሐያሲው የተቀመጡበት እሽግ የራሳቸው መጽሐፍ መሆኑን ሲረዱ ቦታ ቀይረዋል።

የተገኙ፦
የድርጅቱ ምክትል ሥራ አስኪያጅ — ሰብሳቢ
ሐያሲው — አባል
የሙዚቃ መምህሩ — አባል
የማተሚያ ክፍል ኃላፊው — አባል
የድርጅቱ አራሚ — ጸሐፊ፣ ድምፅ የማይሰጥ
ደራሲዋ፣ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ — ተጠርታ የመጣች
የደራሲዋ እናት፣ ልብስ ሰፊ — አባሪ አንድ

ያልተገኙ፦ አምስተኛው አባል። ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ቢሆናቸውም ስማቸው ስላልተሰረዘ ያለ ፈቃድ እንደቀሩ ተቆጥሯል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ተሟልቷል።

የደራሲዋ እናት በአባሪነት የተመዘገቡት በድርጅቱ መመሪያ መሠረት ነው። መመሪያው ከቃል የተወሰደ ማንኛውም ነገር ምንጩ ከረቂቁ ጋር እንዲቀርብ ያዛል። ደራሲዋ ምንጬ እናቴ ናት ብላ በመጻፏ እናቷን ይዛ እንድትመጣ ተደርጓል። ጸሐፊው ምንጭ ሲባል ሰው ማለት አይመስለኝም ብሎ የነበረ ሲሆን፣ አንተ ነህ መመሪያውን ያወጣኸው ወይ ተብሎ አርፎ ተቀምጧል።

ሰብሳቢው ስብሰባውን ሲከፍቱ ጊዜ እንዳይባክን አሳስበው ስለ ጊዜ ጥቅም ረዘም ላለ ጊዜ ተናግረዋል።

አጀንዳ 1፦ «ወፏን የተከተለች» የተባለው ረቂቅ ልብወለድ ለኅትመት ስለ መብቃቱ

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ ደራሲዋ ከሥራ መልስ ሦስት ዓመት የደከመችበት ረቂቅ በዛሬው ውሳኔ ወይ ማተሚያ ክፍል ይወርዳል፣ ወይ ለባለቤቱ ይመለሳል። ሁለተኛ ዕድል የለውም። ጸሐፊው ረቂቁን ሁለት ጊዜ ያረመ በመሆኑ አስተያየት አለኝ ቢልም፣ አራሚ የሚጠየቀው ስለ ነጠላ ሰረዝ ነው ተብሎ ታልፏል።

ረቂቁ የተነሳው ደራሲዋ በልጅነቷ ከእናቷ ከሰማችው ተረት ነው። በተረቱ አንዲት ልጅ የወፍ ዜማ ደስ ይላትና ወፏን ተከትላ ከቤት ትወጣለች። እናትየው በር ላይ ቆማ እየዘፈነች ትጠራታለች። ደራሲዋ ይህንኑ ታሪክ በአውቶቡስ ወረፋ፣ በኪራይ ቤትና በሆስፒታል ፈረቃ መካከል አስገብታዋለች።

ሐያሲው የዘመኑ ልብወለድ ከአእዋፍ ጋር ያለውን ግንኙነት ካቋረጠ መቆየቱን ገልጸው፣ ደራሲዋ ወፏ ተምሳሌት መሆኗን በጽሑፍ እንድታረጋግጥ ጠይቀዋል። ደራሲዋ ወፏ ምን እንደሆነች እሷም እንደማታውቅ፣ ብታውቅ ኖሮ ሦስት ዓመት እንደማይፈጅባት ተናግራለች። ጉዳዩ ምንጩን ይመለከታል ስለተባለ ለአባሪ አንድ ዕድል ተሰጥቷል። ሰብሳቢው ምንጭ ስለሆኑ ቃላቸው ሳይቀነስ ሳይጨመር ይጻፍ ብለዋል። እንደሚከተለው ተጽፏል፦

«ወፍ ናታ! ምን ልትሆን ኖሯል?»

ሐያሲው ምንጩ ከደራሲዋ ጋር ያላቸውን ግንኙነት እንዲያብራሩ ጠይቀዋል።

«እናቷ ነኝ። ምን እንዲህ ያለ ጥያቄ አለ? ከቤት ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ለጎረቤት ሥልጠና ሄዳለች ነው የምለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ዓይነት ሥልጠና ነው ይሉኛል፣ ከባድ ነው እላለሁ። ዛሬም በር ላይ ተገናኝተን ነው አብረን የገባነው። ከስታለች።»

ደራሲዋ «እማዬ፣ ይሄ ይጻፋል እኮ» ብላለች። እናትየው «ይጻፍ! አልከሳሽም?» ብለዋል። መክሳቷ ተጽፏል።

አጀንዳ 2፦ ተረቱና ዘፈኑ ከዘመኑ ጋር ስለ መሄዳቸው

የማተሚያ ክፍል ኃላፊው የእናትየው ዘፈን በረቂቁ ውስጥ ሰባት ቦታ መደጋገሙን አንስተው፣ አንድ ጊዜ ታትሞ በቀሩት ስድስት ቦታዎች «ከላይ እንደተጠቀሰው» እንዲባል ሐሳብ አቅርበዋል። የሙዚቃ መምህሩ አዝማች በአዋጅ አይጠቃለልም ሲሉ ተቃውመው፣ ችግሩ መደጋገሙ ሳይሆን ዜማው አለመጻፉ ነው ብለዋል። አንባቢ በልቡ ሲያነብ ዜማውን ከየት ያመጣዋል የሚል ጥያቄም አስነስተዋል። ለመፍትሔውም መጽሐፉን ለገዛ ሰው ሁሉ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚዘፍን ባለሙያ እንዲመደብና ባለሙያውም እሳቸው እንዲሆኑ ጠቁመዋል። ሰብሳቢው ሐሳቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ የተሽከርካሪ እጥረት አለብን ብለዋል።

መምህሩ በዚህ ሳይወሰኑ፣ የደራሲዋ ዓረፍተ ነገሮች ዘፈኑ በሌለበት ገጽ ላይ እንኳ በዘፈኑ ምት እንደሚሄዱ ጠረጴዛ እየመቱ አሳይተዋል። ስለ አውቶቡስ ወረፋ የተጻፈውን ገጽ ሲመቱ የማተሚያ ክፍል ኃላፊው ሳያውቁት በእግራቸው ተቀብለዋል። ሐያሲው ይህ ልብወለድ ነው ወይስ ሠርግ ብለው ጠይቀዋል።

ከብዙ ውይይት በኋላ ምንጩ ተረቱን በቃል እንዲያቀርቡና ከረቂቁ ጋር እንዲመሳከር፣ ለጊዜ ቁጠባም ያለ ዘፈን እንዲናገሩ ተወስኗል።

አባሪ አንድ ተነስተው «ተረት ተረት» ብለው ቆመዋል። ቆመው ቆይተዋል። ሰብሳቢው እንዲቀጥሉ ሲያሳስቧቸው «የሚቀበል ሰው የለም እንዴ እዚህ ቤት?» ብለዋል። ኮሚቴው «የላም በረት» ብሎ መመለስ በሥልጣኑ ውስጥ ስለ መሆኑ ተወያይቷል። ሐያሲው ይህን ማለት በይዘቱ እንደ መስማማት ሊቆጠር ይችላል የሚል ስጋት ገልጸዋል። በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ኮሚቴው እንዲመልስ ተወስኖ መልሷል። ድምፁ የተበታተነ በመሆኑ እናትየው አስደግመውታል። በሁለተኛው ሐያሲውም ተሰምተዋል።

እናትየው ልጅቷ ወፏን ተከትላ እስከወጣችበት ድረስ ተርከው ዝም ብለዋል። ሲጠየቁ የሰጡት ቃል፦

«ጠፋብኝ። አትዝፈኝ አላችሁኝ፣ ጠፋብኝ። እኔ ይሄን ነገር በቃል አይደለም የያዝኩት፣ በዜማ ነው። ዘፈኑ እየመራኝ ነው የምሄደው። ያለሱ የት ልግባላችሁ?»

ሰብሳቢው ያለ ዘፈን የሚለው ውሳኔ ለጊዜው እንዲታገድ ፈቅደዋል። እናትየው ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ሲደርሱበት እንዲህ ዘፍነዋል፦

ነይ ልጄ ነይ ልጄ፣ ሳይመሽ ሳይጨልም፣
በሩን ገርበብ አርጌ፣ ዛሬም አልተኛሁም።

ከዚህ በኋላ ተረቱ ሳይቋረጥ ሄዷል። ልጅቷ በሄደች ቁጥር እናት ትዘፍናለች፣ በዘፈነች ቁጥር ልጅቷ ትንሽ ዞር ትላለች። ከሂሳብ ክፍል ሰዎች መጥተው በር ላይ ቆመዋል። በአራተኛው አዝማች ላይ ሰብሳቢው አብረው መዝፈናቸው ተመዝግቧል። ሰብሳቢው ይህ እንዲሰረዝ አዘዋል። ማዘዛቸውም ተመዝግቧል። በሰባተኛው ላይ ልጅቷ ወፏን ትታ ወደ ቤቷ ተመልሳለች። እናትየው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለው ሲቀመጡ የማተሚያ ክፍል ኃላፊው ዳቦው ከየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚገዛ ጠይቀው፣ ጉዳዩ ለአስተዳደር ተመርቷል።

ሰብሳቢው ለማመሳከር ያህል የረቂቁ የመጨረሻ ምዕራፍ በጸሐፊው እንዲነበብ ጠይቀዋል። በዚህ ጊዜ ደራሲዋ ተነስታ ምዕራፉ እንዳይነበብ ለምናለች። የተናገረችው፦ «እባካችሁ፣ ይሄን ብቻ ተዉልኝ። ለእሷ ራሴ ነበር የምነግራት። እዚህ፣ በሰው ፊት አይሁን።» ሐያሲው አንድ ልብወለድ ለሕዝብ ሊታተም ቀርቦ ከአንባቢ ይደበቅ ማለት እርስ በርሱ ይጋጫል ብለዋል። እናትየው «ምንድነው የምትደብቂኝ?» ብለዋል። በሙሉ ድምፅ ይነበብ ተብሏል።

ጸሐፊው ድምፅ ቢኖረው ይቃወም ነበር። ስለሌለው አነበበ። በረቂቁ መጨረሻ እናት በር ላይ ቆማ ሰባተኛውን ትዘፍናለች። ልጅቷ ከሩቅ ትሰማታለች፣ አትመለስም። ትቆምና እንዲህ ትመልስላታለች፦

ዝጊው እናትዬ፣ ብርዱ እንዳይገባብሽ፣
እኔ እዘፍናለሁ፣ ከሩቅ እንዲሰማሽ።

ከንባቡ በኋላ እናትና ልጅ ያለ ሰብሳቢው ፈቃድ ተነጋግረዋል። ሰብሳቢው ደወሉን አንስተው ሳይደውሉ መልሰው አስቀምጠዋል።

«ልጅቷ አትመጣም ማለት ነው?»

«አትመጣም፣ እማዬ።»

«ተረቴን ማን ለውጪው አለሽ? እኔ እንዲህ ብዬ ነው ያሳደግኩሽ?»

«አንቺስ አልለወጥሽውም? ለወንድሜ ስትነግሪው ልጁ ወፏን ይዟት ነበር የሚመጣው። ለእኔ ግን ባዶ እጇን ነው የምትመለሰው።»

እናትየው የሚከተለውን ቃል ሰጥተዋል፦

«ለውጬዋለሁ። እናቴ ስትነግረኝ ልጅቷ ከነጭራሹ አትመለስም ነበር። ስትዞር ድንጋይ ሆና ነው የምትቀረው። ለአንቺ እንደዛው ስነግርሽ እንዴት እንዳለቀስሽ! ሌሊቱን ሙሉ አንገቴን ለቅቀሽ አላስተኛሽኝም። ምን ላድርግ? አመጣኋት። አንቺን ብዬ ነው ያመጣኋት።»

ሐያሲው ከዚህ አነጋገር ተረቱ ቢያንስ ሦስት ዓይነት መጨረሻ እንዳለው ተረድተው ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ሳይለይ መቀጠል አይቻልም ብለዋል። ለዚህም የደራሲዋ አያት በአባሪ ሁለትነት እንዲጠሩ ጠይቀዋል። አያቷ በሕይወት እንደሌሉ ተገልጿል። በሌሉበት እንዲታይ ኮሚቴው ተስማምቷል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተሉት ተወስነዋል፦

ሀ. ዘፈኑ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲታተም፤
ለ. ወፏ እንድትወጣ፤
ሐ. መጨረሻው ከምንጩ ጋር እንዲስማማ፣ ልጅቷ ወደ ቤቷ እንድትመለስ፤
መ. ደራሲዋ በዚህ ካልተስማማች ረቂቁ እንዲመለስላት።

ተራ ቁጥር ሐ በሙሉ ድምፅ አልፏል። አባላት አጨብጭበዋል። ደራሲዋ አልተስማማችም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእኩለ ቀን ፈረቃ መልስ የጻፈችውን ረቂቅ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ስታስገባ ዚፑ እምቢ ብሏታል። የተናገረችው «ድንጋይ አላደረግኳትም እኮ» የሚል ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ እናትየው ተነስተዋል። ሰብሳቢው አባሪ የመናገር መብት የሚኖረው ሲጠየቅ ነው ብለዋል። እናትየው «ዝም በል አንተ ደግሞ!» ብለዋቸዋል። ሰብሳቢው ዝም ብለዋል። ቀጥሎ ያለው ቃል በቃል ነው፦

«እናንተ ናችሁ እንዴ የምትመልሷት? እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠርቼ ያልመጣችውን እናንተ እጅ አውጥታችሁ ልታመጧት? ሥልጠና ላይ ናት እያልኩ ሰው ፊት ስዋሽ የኖርኩት እኔ ነኝ። ልጄ ሥልጠና ላይ አይደለችም። ቤት ተከራይታ መጽሐፍ ስትጽፍ ነው። ይሄው ነው፣ ነገ ለጎረቤትም እነግራቸዋለሁ። አንተ የምትጽፈው ልጅ፣ ይሄን ጻፍልኝ፦ እኔ እናቷ፣ አለመመለሷን ፈቅጃለሁ። ባትመለስም ልጄ ናት። በቃ።»

ሰብሳቢው ይህ የውሳኔ ሐሳብ ነው ወይስ አስተያየት ብለው ጠይቀዋል። እናትየው የልጃቸውን ቦርሳ ተቀብለው ዚፑን በሁለት ጣታቸው ቀጥ አድርገው ከፍተው ረቂቁን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኑረዋል። ደራሲዋ አልቅሳለች። የሂሳብ ክፍል ሰዎች ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ታዘው አልተመለሱም።

ሰብሳቢው እሳቸውም ከቤት የወጣች ልጅ ስላለቻቸው ለእሷ ስልክ ለመደወል አጭር ዕረፍት ጠይቀው ኮሪደር ላይ ቆይተው ገብተዋል። ስልኩ ተነስቶ እንደሆነ አልተገለጸም። የማተሚያ ክፍል ኃላፊው በዚህ መሐል ስሌት ሠርተው፣ ልጅቷ ብትመለስ አሥራ ሁለት ተጨማሪ ገጽ እንደምትፈጅ፣ ባለችበት ብትቀር ግን መጽሐፉ ልክ እንደሚገጥም አስታውቀዋል። ሐያሲው የውሳኔውን መለወጥ የሚደግፉት በሥነ ጽሑፍ ምክንያት ብቻ መሆኑ እንዲጻፍላቸው ጠይቀዋል። ተጽፎላቸዋል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ጊዜ ባለመኖሩ አልታየም።

የመጨረሻ ውሳኔ

በዛሬው ስብሰባ የተወሰኑት ሁሉ፣ ማለትም ዘፈኑን የማሳጠር፣ ወፏን የማስወጣት፣ ልጅቷን የመመለስና ረቂቁን የመመለስ ውሳኔዎች፣ «የላም በረት» ለማለት የተሰጠው ድምፅ፣ የዳቦው ጉዳይ፣ የሟች አያት ጥሪና ምንጭ በአካል እንዲቀርብ የሚያዘው መመሪያ ጭምር በሙሉ ድምፅ ተሽረዋል። ረቂቁ አንድ ቃል ሳይነካ ዛሬውኑ ማተሚያ ክፍል እንዲወርድ ተደርጓል።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡20 ላይ ተበትኗል።

ማሳሰቢያ፦ የእናትየው ቃል የኮሚቴው ውሳኔ ስላልሆነ መሻር አልተቻለም።