የመስተዋት ቤት በአምባ ጊዮርጊስ

ባሕር ማዶ የቤት ንድፍ ተምሮ የተመለሰ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል። የተማረበት መጽሐፍ ስለ ውርጭ አያወራም መሰለኝ፣ ለአጎቴ ለአያ ወርቁ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ከወገብ በላይ መስተዋት የሆነ ቤት ነደፈላቸው።

«ጌታው፣ ባለቤቴ ቁርጥማት አለባት፤ ብርድ አትችልም» ቢሉት፣

«አያ ወርቁ፣ ብርሃን እኮ ሥልጣኔ ነው!» ሲል ገሠጻቸው።

ቤቱ አለቀ። ባልና ሚስት አንድ ሳምንት ሠልጥነውበት ሲያበቁ ጓዛቸውን ይዘው ጥጆቹ ወዳሉበት ጭቃ ቤት ገቡ።

መሐንዲሱ ሥራውን ሊያደንቅ መጣ። ከመስተዋቱ ሥር ጥቂት እንደ ተቀመጠ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር፤ አዝነው ወደ ጥጆቹ ቤት ወሰዱት። ሙቀቱ ሲሰማው ግድግዳውን በአድናቆት ዳበሰ።

«ይህስ ሸጋ ቤት ነው! ማን ነደፈው?»

«የባለቤቴ ቁርጥማት ነዋ!» አሉት አያ ወርቁ።