መንገድ የማይወደው ቢልልኝ

በየሰፈሩ አንድ የአቋራጭ ሊቅ አይጠፋም። ካርቱም ላይ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ደግሞ ሦስት ይገኛል፤ የሁሉም አለቃ ግን የጀብራ ሰፈሩ ክቡር ቢልልኝ ነው። እንጀራው ሲሚንቶ መሸከም ነው፤ በመንፈሱ ግን የዓለም መንገዶች ሁሉ ተቆጣጣሪ። ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ የሦስት ሰው አጥር ዘሎ ነው። «መንገድማ ለሰነፍ ነው!» ይላል።

ሬሕማ ይህን እያወቀች ተከተለችው፤ ጥፋቱ የራሷ ነው። ዐማራት በሚባለው የካርቱም ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የወሎ ደጋ ልጅ እንደ መዳፍ በተዘረጋ አገር ኖራ ኖራ፣ አንድ ቀን ከፍ ካለ ነገር ላይ ቆማ ቁልቁል ማየት አማራት። አሠሪዋ፣ መዳሟ፣ በወር አንድ ዓርብ ትፈቅድላታለች። «ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ አዛን ሳይል ካልገባሽ ግን ዓርብ የሚባል ነገር አበቃ» ብላለች። ፓስፖርቷንም «እንዳይጠፋብሽ» ብላ ቆልፋበታለች። ደግ ሴት! የሰው እግር ቆልፎ አደራ ጠባቂ መባል፣ እንዴት ያለ ጽድቅ ነው!

እናም ሺታ በሚሉት የብርድ ወር፣ በአንዱ ዓርብ ጠዋት፣ ሬሕማና እዚያው ሰፈር የተቀጠረች ጓደኛዋ ሀዋ ከጀበል አውሊያ ወዲያ ካለ ጭር ያለ ተራራ ሥር ቆሙ። ቢልልኝ ራስ ዳሽን የሚወጣ ይመስል ካፖርት ደርቧል። ከፊታቸው እስከ ጫፍ የሚያደርስ የተረገጠ መንገድ አለ። እንደ ገማ ሥጋ አየው።

«ይሄ ምንድነው?»

«መንገድ ነዋ!» አለች ሀዋ።

«የዳባት ልጅ በዚህ ሊወጣ? ያላ፣ በእኔ በኩል!»

በእሱ በኩል ያለው እሾህና የሚንሸራተት ጠጠር ነው። የሬሕማ ነጠላ ጫማ ሁለቴ ተበጠሰ፤ ሁለቴም በካፖርቱ ክር አሰረላት።

«ገና ነው?»

«ኻላስ፣ ደረስን!»

ይህን አራት ጊዜ ካለ በኋላ ሀዋ ቁጭ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ‹ደረስን› ለአንተ ሰላምታ ነው እንዴ?»

ጫፉ ላይ ሲወጡ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ኦቾሎኒ ይፈለፍላሉ። በመንገዱ ነው የመጡት። «በዚያ በኩል እኮ ፍየልም አትወጣም!» ብለው ተገረሙ።

«ፍየል ምን ብልሃት አላት» አለ ቢልልኝ፣ ላቡን እየጠረገ።

ሬሕማ አልሰማችም። ነጭ አባይ ከታች እንደ መቀነት ተዘርግቷል። ቁልቁል አየችው፣ ፀሐይ እስክታዘነብል።

«አሁን በመንገዱ ነው የምንወርደው» አለች ስትነቃ። «መግሪብ አለብኝ!»

ቢልልኝ አልተከራከረም። አንገቱን ደፍቶ እንደ ተከሳሽ ከኋላ ተከተላቸው። የተራራው ወገብ ላይ ሲደርሱ ከታች አስፋልቱ ታየ፤ ፖሊሶች ሚኒባሶችን አስቁመው ሰው እያወረዱ ወረቀት ይጠይቃሉ። ሬሕማ ሀዋን ጎትታ ከድንጋይ ጀርባ ተሸሸገች። የሷም የሀዋም ወረቀት ዐማራት በየመዳማቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፏል። የቢልልኝማ ከመጀመሪያውም የለም።

ያኔ ገባት። ይህ ሰው ከመተማ ወዲህ በመንገድ ሄዶ አያውቅም። መንገድ ላይ የቆመ ሁሉ «ወረቀት!» ይለዋላ!

«ያላ» አለ በዝግታ፣ «በእኔ በኩል።»

ማንም አልሳቀበትም። በደረቅ ቦይ ውስጥ ጎንበስ ብለው፣ የሽንኩርት ማሳ ዞረው፣ ከፍተሻው ወዲያ አስፋልቱ ላይ ብቅ አሉ። ሚኒባስ መጣ፤ ሁለት ቦታ ብቻ ነው ያለው። ሁለቱንም ገፍትሮ አስገባቸው።

«አንተስ?»

«እኔማ አቋራጭ አውቃለሁ!»

ጀብራ ከዚያ አርባ ኪሎ ሜትር ነው።

ሬሕማ በሩን ስታልፍ አዛኑ ገና ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር። መዳም የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ ቅር አላት። ሬሕማ ወደ ክፍሏ ገብታ ለቢልልኝ ደወለች።

«ደረስክ?»

«ኻላስ፣ ደረስኩ!» አለ። ከድምፁ ኋላ ንፋስ ያፏጫል፤ ጠጠር ከጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል።

«ውሸታም!» አለችው። ከቀሚሷ ጫፍ እሾህ መንቀል ጀመረች። «በል አጫውተኝ። ስትደርስ እዘጋዋለሁ።»