ጉጉቷ አዎ ብላኛለች

(የእህል መጋዘን፤ ቀን ነው። ኃላፊው ወንበር ላይ ተንፈራጦ ተቀምጧል። የሚዛን ሠራተኛው፣ በቅጽል ስሙ ሚዛኔ፣ ጆንያ ይደረድራል። ከጣሪያው ሥር ካለው ሽንቁር ቡጢ የምታክል ጉጉት አፍጥጣ ታያቸዋለች።)

ሚዛኔ፦ እኔንም እያየች አንገቷን ነቀነቀች እኮ ጋሼ!

ኃላፊው፦ አንተን ምን ልትልህ? እኔን ነው ያየችው።

ሚዛኔ፦ ሁለታችንም አንድ ቦታ ነን እኮ።

ኃላፊው፦ ቦታው አንድ ይሁን፤ ጭንቅላቱስ?

ሚዛኔ፦ እናቴ ግን ጉጉት ክፉ ወሬ ነው የምታመጣው ትላለች።

ኃላፊው፦ ይኸዋ፣ የመሃይም ወሬ! የተማረ ሰው የጥበብ ወፍ መሆኗን ያውቃል። እኔ ጠይቄያት መልሳልኛለች።

ሚዛኔ፦ (ጆንያውን ጥሎ) በአፏ?

ኃላፊው፦ በአንገቷ! «ሥራ ለቀቅኩ ብዬ ብነግረው፣ ሥራ አስኪያጁ ደሞዝ ጨምሮ እንድቆይ ይለምነኛል?» አልኳት። አንገቷን ላይ ታች፣ ላይ ታች! አዎ ነዋ!

ሚዛኔ፦ ድመቷንም ስታይ እንደዚያው ታደርጋለች።

ኃላፊው፦ ድመቷ ምን እንደጠየቀቻት በምን አወቅህ?

ሚዛኔ፦ እሱስ ልክ ነው። (አሰብ አድርጎ) ታዲያ ነገሯቸው?

ኃላፊው፦ ጠዋት! «ለቅቄያለሁ!» ብዬ በሩን ድው አድርጌ ወጣሁ።

ሚዛኔ፦ ውይ! ባለቤትዎስ ምን አሉ?

ኃላፊው፦ ጭማሪው ሲመጣ ትሰማለች። ይሄኔ ሰውዬው በላብ ተዘፍቋል።

ሚዛኔ፦ ኧረ ሲስቁ ነው ያየኋቸው።

ኃላፊው፦ የጭንቅ ሳቅ ነዋ! ቆይ፣ አንተ የት አየኸው?

ሚዛኔ፦ ቢሯቸው አስጠርተውኝ።

ኃላፊው፦ አላልኩህም? ፊቴ መቅረብ ፈርቶ አማላጅ ላከ! በል፣ ልመናውን አሰማኝ።

ሚዛኔ፦ «አለቃህ በገዛ እጁ ገላገለኝ፤ ቦታውን ትይዛለህ ወይ?» አሉኝ።

ኃላፊው፦ (ከወንበሩ ዘሎ) አንተስ ምን አልክ?!

ሚዛኔ፦ ምን እላለሁ ጋሼ? አፍጥጬ አንገቴን ነቀነቅኩ።

ኃላፊው፦ (ራሱን ይዞ) እጄን በእጄ! ሚስቴን ምን ልበላት? (ወደ ሽንቁሩ እያፈጠጠ መጥረጊያ ያነሳል) አንቺ ከሃዲ! ዛሬ ከዚህ ካላስወጣሁሽ!

ሚዛኔ፦ (መጥረጊያውን በትሕትና ተቀብሎ) እሷስ ትቆይ ጋሼ፤ አይጥ ትይዝልናለች። ሠራተኛ ያልሆነ ሰው ግን መጋዘን ውስጥ መቆም ክልክል ነው።