የትልቅ ጎማ ፍጥነትና የማርያም ቁልቁለት

ሰው የሚጠፋው ባለማወቁ ነው ይባላል። እኔ ግን ጥቂት በማወቁ ነው እላለሁ። ምንም የማያውቅ ሰው ቤቱ ይቀመጣል፤ ጥቂት የሚያውቅ ነው ገበያ መሐል ቆሞ የሚያስረዳው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ያሉት አባቶች የንፋስ መውጫን ገበያ ሳያዩ አልቀሩም።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። የንፋስ መውጫ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርሁ፤ ያውም ሚስት ፈላጊ። ሽማግሌ የላክሁት የዜማውን መጽሐፍ ድጓን በቤተ ልሔም ገዳም ካስመሰከሩት ከመሪጌታ ጥበቡ ዘንድ ነው፤ ልጃቸውን አትጠገብን ብዬ። መሪጌታ እምቢም እሺም አላሉ። «የአስኳላ አስተማሪ ሃይማኖቱ ላላ ይላል ሲሉ እሰማለሁ፤ እስቲ ትንሽ ልየው» አሉ። ከዚያ ወዲያ የማርያምን ደጅ ሳልሳለም አልፌ አላውቅም። ውሻ ቢያባርረኝ እንኳ መጀመሪያ እሳለማለሁ፤ ከዚያ እሮጣለሁ።

በከተማው ሁለት ብስክሌቶች ነበሩ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል፤ ብስክሌትን ቢጠይቁት ማንን ይጠራ ይሆን? አንዱ የቁስል አጣቢው ድሬሰር የአቶ ካሳ ነው፤ ጎማው እስከ ታፋዬ የሚደርስ፣ እንደ ጅራፍ የቀጠነ። ሌላው የጨው ነጋዴው የአቶ ሰይድ ነው፤ ጎማው ከጉልበት የማያልፍ፣ ፍየል እንደዋጠ ዘንዶ የወፈረ።

የትኛው ይፈጥናል? የትኛውስ ለተቀመጠበት ይመቻል? ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን መለስሁ። ትልቁ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ብዙ መሬት ይበላል፣ ቀጭን በመሆኑም መሬት አይዘውም አልሁ። አቶ ሰይድ ሳቁና፣ «የኔ ጌታ፣ መሬቱን የሚበላው ጎማው ነው፤ ድንጋዩን የሚበሉት ግን እርስዎ ነዎት። ወፍራም ጎማ ድንጋይ ውጦ ዝም ይላል» አሉ። ገበያተኛው ከበበን። አንዱ ባላገር «ወንድ ከሆነ በአፉ ሳይሆን በቂጡ ያስረዳን!» ብሎ ጮኸ። ከዚህ በኋላ የተማረ ሰው ምን ይላል?

ከአቶ ሰይድ ጋር ከገበያው እስከ ወንዙ ቁልቁለቱን እንሽቀዳደም ተባለ። ብስክሌት መንዳትን ደብረ ታቦር ተምሬያለሁ፤ ሜዳ ላይ ማለቴ ነው። የአቶ ካሳን ተውሼ ኮርቻው ላይ ከወጣሁ በኋላ፣ ፍሬኑ ይይዛል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «እኔ ምን አውቄ! እየገፋሁት እንጂ ተቀምጬበት አላውቅም» አሉና ገፉልኝ።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ የተናገርሁት ሁሉ እውነት ነበር። እውነት መናገሬ እንደዚያ ቀን አስፈርቶኝ አያውቅም። ፍሬኑን ብጨብጠው እንደ አሮጌ በር አንቋረረና ዝም አለ። ቀጭን ጎማ ደግሞ ምስጢር አይዝም፤ ከድንጋዩ የሰማውን ለኮርቻው ይነግራል፣ ኮርቻው ለወገቤ፣ ወገቤ ለጥርሴ። ዓይኔ አለቀሰ፤ ከነፋሱ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ይህ ሁሉ ሳያንስ የማርያም ደጅ ከፊቴ ብቅ አለ። ከደጁ ላይ ጥላ ዘርግተው የቆሙት ማን ይመስሏችኋል? መሪጌታ ጥበቡ! በአገራችን በበቅሎ የሚሄድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርስ ወርዶ ተሳልሞ ያልፋል፤ ባላባትም ቢሆን። ካልወረድሁ አትጠገብ ቀረች። ከወረድሁ አንገቴ ቀረ። ያለ አንገት ደግሞ ማን ሚስት ያገባል? ወርጄ ባልሳለም አማትቤ ልለፍ ብዬ መላ መታሁ። «በስመ አብ» ብዬ አንድ እጄን ከመሪው አነሣሁ። «ወወልድ» አላልሁም።

ብስክሌቱ ወደ አጥሩ፣ እኔ ወደ ደጁ ሄድን። ነፍስ ስዘራ ከንፈሬ ከመድረኩ ድንጋይ ላይ ነበር፤ የፊት ጥርሴም እዚያው።

በዚህ መሐል አቶ ሰይድ በወፍራሙ ጎማቸው ቀስ ብለው ደረሱ። እስላሙ ሰው ከደጁ ፊት ወርደው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ብስክሌታቸውን እየገፉ አለፉ። ያያቸው የለም። መሪጌታ የሚያዩት እኔን ነበር። «አያችሁ?» አሉ ከገበያው ተከትሎን የመጣውን ሕዝብ። «ባለ በቅሎው እንኳ እያቃሰተ ነው የሚወርደው። ይህ ልጅ እንደ ንስር ተወርውሮ ተሳለመ! ልጄን ሰጥቻለሁ!»

እውነቱን ልናገር ነበር። አፌ ግን አፈር ሞልቶት ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝንብ የማይገባበት አፍ ሆነልኝ። እልል ተባለ።

ደስታዬ የቆየው መሪጌታ ጎንበስ ብለው እስኪያነሡኝ ነው። «ለሠርጉ በቅሎ አትከራይ። አገር እንዲያይህ በዚያው በትልቁ ጎማ ና፤ በየደጁም እንዲሁ እየተሳለምህ» አሉኝ። አቶ ሰይድ ይህን ሰምተው የራሳቸውን ብስክሌት ሊያውሱኝ ቢሉ፣ መሪጌታ «ሙሽራ በአጭር ጎማ አይመጣም!» ብለው ዘጉ።

ከከተማው እስከ መሪጌታ ቤት ያለውን መንገድ በልቤ ሄድሁበት። ሁሉም ቁልቁለት ነው። በየቁልቁለቱ ደግሞ አንድ ደብር አለ። ሌላው ሙሽራ ልጅ ስጪኝ ብሎ ለማርያም ይሳላል፤ እኔ ዳገት ስጪኝ ብዬ ተሳልሁ።