የማንጎው ዛፍ ጠበቃ

በየቤተሰቡ ከሰው ይልቅ ከዛፍ ጋር የሚግባባ አንድ አጎት አለ። እኛ ቤት የለም የምትሉ እስቲ ጓሮ ዞር በሉ፤ ከአንዱ ግንድ ጋር ሲጨዋወት ታገኙታላችሁ።

የእኛው ክቡርነታቸው የእናቴ ወንድም፣ ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን እንጨት ሲጋዙ ኖረው አሁን ይቅርታ የሚለምኑ ይመስለኛል። ቅጠል ልቀጥፍ እጄን ስዘረጋ ከኋላዬ "ዛፉን ጠይቀኸዋል?" ይላሉ። ከጫፍ ያለ ፍሬ አይለቀምም፤ የወፎች ድርሻ ነዋ። ለንብ ውሃ በሰሃን ያቀርባሉ፣ ያውም እንዳትሰጥም ጠጠር ደርድረውላት። እኔን ዋና አላስተማሩኝም።

ኋላቀርነትን የሚያወግዝ በራሪ ወረቀት ተንተርሼ ያደግሁ ሰው ይህን እንዴት ልቻል?

ጓሯችን ያለው ማንጎ ሦስት ዓመት አበባ እንጂ ፍሬ አላሳየንም። መስኮቴን አጨልሞ፣ አሸንዳዬን በቅጠል ደፍኖ ይኖራል። ቆራጭ ቀጠርኩ። አጎቴ ሰምተው መጡ።

"ከእናትህ ጋር በልጅነታችን የተከልነውን? አንተ ልጅ፣ ሲያብብ የምትረጨው ምንድን ነው?"

"የዝንብ መድኃኒት ነዋ ጋሼ! ዝንቡ መች ያስቀምጣል?"

"አበባውን ፍሬ የሚያሲዙት እነሱ አይደሉ? እንግዶቹን በር ላይ ፈጅተህ ድግሱ የት ደረሰ ትላለህ? አንድ የአበባ ወቅት ታገሠው። ካላፈራ መጋዙን ራሴ እይዛለሁ።"

ቀጠሮውን አራዘምኩ፤ መርጨቱንም ተውኩ። እሳቸው ጉልበታቸውን ታመው አልጋ ሲይዙ ደግሞ በየጠዋቱ በክፍላቸው መስኮት "ዛፉን ሰላም በልልኝ!" ይሉኝ ጀመር። ጎረቤት እንዳይሰማ በጆሮው ሹክ እለው ነበር። ጆሮው የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

አፈራላችኋ! ቅርንጫፉ መሬት እስኪነካ አፈራ። ዝንቦቹ ናቸው? ሰላምታው ነው? ወይስ መጋዙን ፈርቶ? ከወረቀቶቼ አንዱም አይመልስልኝም። ግራ ገብቶኝ ሳለ ቀጠሮውን መሰረዝ ረስቼ ኖሮ ቆራጩ መጋዙን ተሸክሞ ከች አለ። ሽቅብ አየና ሳቀ።

"ይኼማ አይቆረጥም ጌታው። መስኮቱ ላይ የተኛውን ቅርንጫፍ ብቻ ላንሳልህ?"

ፍሬ አልባ ቅርንጫፍ ናት። አዎ ልል አፌን ከፈትኩ።

"ቆይማ፣ ልጠይቅ" አልኩ።

"ማንን?"

"እንጃ።"

ከአጎቴ መስኮት ሳል ተሰማ። ዞር ስል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ክፍሌ እስከ ዛሬ በቀን መብራት ይበራበታል።