መመለሻ የሌለው ዘንግ

ነገሩ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት እንዲህ ነበር። የአቶ ደርበው ልጅ እጹብ፣ አባቷ ካልፈቀዱት ሰው ጋር ጎጆ ከወጣች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሊያስታርቅ የመጣ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ከደጅ ተመልሷል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ደግሞ እሑድ እንደሚመጣ ልኮባቸዋል። እስከዚያው በቤታቸው የልጅቱ ስም አይነሳም። «ጎረቤት ይሰማል» ይላሉ አቶ ደርበው።

አቶ ደርበው አዳማ ባለ አንድ የፓስታ ፋብሪካ የጥገና ኃላፊ ናቸው። ዓርብ ከሰዓት ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው፣ በአየር ግፊት የሚሠራ መስመር ስክሪን ላይ ስለው ማሽኑን ሳይነኩ መሞከር ይማራሉ። አሠልጣኟ ትርሲት የእጹብ አብሮ አደግ ናት፤ ያንን ግን ሁለቱም አላነሱትም።

ሲሊንደሩን ሳሉ፣ ቫልቩን አስቀመጡ፣ ቱቦውን አገናኙ። የመውጫውን ቁልፍ ሲጫኑ ዘንጉ ከሲሊንደሩ ውስጥ ሰተት ብሎ ወጣ። የመመለሻውን ሲጫኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ደገሙት፤ ያው ነው።

«ይኼ እልኸኛ!» አሉ።

«ማን፣ ጋሼ?»

«ዘንጉ ነዋ!»

ትርሲት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሥዕሉን አጎላችው። «ዘንጉማ ምን አጠፋ? ከኋላው ያለው አየር መውጫ አጥቶ ነው። ይኼን የአየር መውጫ ቀዳዳ ማን ደፈነው?»

«እኔ። ሁልጊዜም እደፍነዋለሁ። ሲከፈት ይጮኻላ!»

እውነታቸውን ነው። ፉጨቱን ስለማይወዱት ፋብሪካው ውስጥም ጨርቅ ይጠቀጥቁበታል። አሮጌው ማሽን ደግሞ አየሩን በየስንጥቁ እያሾለከ ገመናቸውን ሸፍኖላቸው ኖሯል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርፌም ሐሙስ ሐሙስ ዘንቢላቸውን ሞልተው ገበያ ይወጣሉ፤ ባዶውን ይዘው ይመለሳሉ። አቶ ደርበውም ለማን እንዳደረሱት ጠይቀው አያውቁም።

«ኮምፒዩተሩ ስንጥቅ የለውም፣ ጋሼ። ደፈንኩ ካሉት ድፍን ነው።»

«ከከፈትኩት ይጮኻል እያልኩሽ!»

«ይጮኻል። ትንሽ ይጮኽና ዝም ይላል።»

አቶ ደርበው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ቆይተው መድፈኛውን አነሱት። ጣታቸው የመመለሻው ቁልፍ ላይ ሳያርፍ ግን ቆመ።

«እንዲህ በአንዴ ከለቀቅኋት መጥታ ትላተማለች። የሚያለዝብ ነገር የለም?»

«አለ። የአየሩን አወጣጥ ቀስ የሚያደርግ ቫልቭ አለ።»

«አምጪው እስቲ። ቀስ ብላ ትግባ፤ እንዳትጎዳ።»

ትርሲት ቀና ብላ አየቻቸው፤ መልሳ አቀረቀረች። ቫልቩን አምጥታ መስመሩ ላይ አኖረችላቸው።

«እስከ እሑድ እንዲህ ክፍት አድርጌ ልተወው?» አሉ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ።

«ይተዉት፣ ጋሼ። ለሚመለከታቸው እኔ እነግራለሁ።»

ቁልፉን ተጫኑ። ከስክሪኑ ግርጌ ያለው መለኪያ እንዲህ አሳየ፦ ለመውጣት አንድ ሰከንድ፣ ለመመለስ አራት፤ እስከ መነሻው የቀረ ርቀት፣ ዜሮ።